ነባር መኪናን ለውጭ አገር ገዢ መሸጥ፤ ገንዘቡ ሳይገባ ሊብሬው አይወጣም

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሩቅ በሚለይ የሞተር ድምፃቸው የሚታወቁት ቮልስዋገኖች ለብዙ ቤተሰቦች ከመኪናም በላይ ናቸው። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የቢሮ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዟቸው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሱባቸው፣ በጋራዥ ባለሙያዎች ብርታትም ለአሥርተ ዓመታት የዘለቁ ንብረቶች ናቸው። በሐረርም ፔጆ 404 ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ታክሲ ሆኖ አገልግሏል።

ለባለቤቶቻቸው የዕለት መጓጓዣ የሆኑት እነዚህ መኪኖች በአውሮፓና በአሜሪካ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው። አንደኛው ምክንያት ምርታቸው መቆሙ ነው። «ቢትል» ወይም ጥንዚዛ በሚል ስም የሚታወቀው የቮልስዋገን ሞዴል በጀርመን መመረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ የመጨረሻው መኪና ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። እስከዚያ ቀን በጠቅላላው 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 መኪኖች ተመርተዋል። ሌላው ምክንያት የላሜራው ሁኔታ ነው። በአውሮፓ በክረምት ወራት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን አካል በዝገት ይበላዋል። በአገራችን መንገዶች ይህ ችግር ባለመኖሩ የአንዳንድ ነባር መኪኖች ወለልና ሻንሲ ሳይበላ ቆይቷል።

በመሆኑም ባለቤቱ የመኪናውን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት በለጠፈ ጊዜ ከማያውቀው አገር ጥያቄ ሊመጣለት ይችላል። ጥያቄው የእውነተኛ ገዢ ሊሆን ይችላል፤ የአጭበርባሪም ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሻጩ ሁለቱን ለይቶ፣ ሕጉንም ጠብቆ፣ ንብረቱን ወደ ገንዘብ የሚለውጥበትን ቅደም ተከተል ያብራራል።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት፣ በጡረታ ላይ የሚገኙ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ በሞት የተለዩዋቸው ባለቤታቸው የተዉላቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ቮልስዋገን ለሽያጭ አቀረቡ እንበል። በሐምቡርግ እኖራለሁ የሚል ሰው ሳይከራከር በተጠየቀው ዋጋ ተስማማ። በማግሥቱም የባንክ ክፍያ ማረጋገጫ ነው ያለውን ምስል በስልክ ላከ። «ገንዘቡ በሦስት ቀን ይደርስዎታል፤ እስከዚያው ወኪሌ መጥቶ መኪናውን ይረከባል፤ ሙሉ ውክልና ይስጡልኝ» ሲልም ጠየቀ። እኚህ እናት ምን ማድረግ አለባቸው? መልሱን ለማግኘት ሽያጩ ከአገር ውስጥ ሽያጭ በምን እንደሚለይ መረዳት ያስፈልጋል።

በአገር ውስጥ ሽያጭ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተገናኝተው ገንዘቡንና ሰነዱን በአንድ ቀን ይለዋወጣሉ። ድንበር ተሻጋሪ በሆነ ሽያጭ ግን መኪናው፣ ሰነዱና ገንዘቡ በሦስት የተለያዩ መንገዶች፣ በተለያየ ጊዜ ይጓዛሉ። አደጋው የሚፈጠረው በዚህ የጊዜ ልዩነት ውስጥ ነው። ስለሆነም የጥንቃቄው ሁሉ መሠረት ሦስቱ የሚንቀሳቀሱበትን ተራ ማስጠበቅ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄ

የመጀመሪያው ሥራ ዋጋ መደራደር ሳይሆን መኪናውን የመሸጥ መብት የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ነባር መኪኖች ብዙ ጊዜ ሊብሬያቸው በሟች ወላጅ ወይም ከብዙ ዓመታት በፊት በሸጠ ሰው ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ሟች በተመዘገቡበት ሊብሬ መሸጥ አይቻልም። አስቀድሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማግኘትና ስሙን ማዛወር ያስፈልጋል። ወራሾቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ የሁሉም ስምምነት ግድ ነው።

የጋብቻ ጉዳይም አለ። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነን የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለማስተላለፍ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊብሬው በባል ስም ብቻ መሆኑ ሚስትን አያስቀርም። ስምምነቱ ሳይገኝ የተፈጸመ ሽያጭ መኪናው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ክርክር ቢነሳበት ለማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ መኪናው በዋስትና የተያዘ አለመሆኑን ማጣራት ይገባል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የዋስትና መብቶች የሚመዘገቡበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ከሆነም መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፉ በፊት ቀረጥና ታክሱ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ መቅረብ አለበት።

የመኪናው ማንነት

የውጭ አገር ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነው። በቮልስዋገን ጥንዚዛ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር በመሐል ወለሉ ላይ ታትሞ ይገኛል። የመታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከጄኔሬተሩ መቆሚያ ሥር በሞተሩ አካል ላይ ተቀርጿል። ሻጩ እነዚህን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር አለበት።

በአንድ ቁጥር መሳሳት በአገር ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ በወደብ ላይ ግን መኪናውን ያስቆማል። ሞተሩ ተቀይሮ በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ፣ ወይም ቁጥሩ በጽሑፍ ስህተት ከተዛባ፣ እርማቱ ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት በመዘገበው መሥሪያ ቤት መከናወን ይኖርበታል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የምዝገባውን ሥርዓት የሚመራ ሕግ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ነጥብ ሊታወቅ ይገባል። ዛሬ የምናውቀው 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የመኪና መለያ ቁጥር በስፋት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች አጭር ቁጥር ነው ያላቸው። በመሆኑም የቁጥሩ ማጠር ጉድለት አይደለም። የኢንተርኔት ቅጽ ወይም የባንክ ሰነድ 17 ቦታ ስለጠየቀ ብቻ ዜሮ እየጨመሩ መሙላት ሰነዶቹ እርስ በርሳቸው እንዲጣረሱ ያደርጋል።

ገዢው የመኪናውን ትክክለኛነት ማረጋገጥ ከፈለገ በጀርመን ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን መኪና ሙዚየም ፋውንዴሽን በሻንሲ ቁጥሩ መሠረት መኪናው የተመረተበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ሻጩም የተቀየሩትን ክፍሎች፣ የተቀባውን ቀለምና የታደሰውን ላሜራ ሳይደብቅ በጽሑፍና በፎቶግራፍ መግለጽ ይኖርበታል። የተደበቀ ጉድለት ኋላ ላይ ለክፍያ ክርክር በር ይከፍታል።

አሮጌ መኪና ወይስ ቅርስ?

ዕድሜው የገፋ መኪና ሁሉ ቅርስ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአገር ታሪክ ጋር የተሳሰሩ መኪኖች አሉ። በቤተ መንግሥት ያገለገሉ፣ በታዋቂ የመንግሥት ሰዎች የተነዱ፣ ወይም በአገሪቱ የመጀመሪያ ከሆኑ ተሽከርካሪዎች ውስጥ የሚመደቡ መኪኖች ከተራ ንብረት ተለይተው ሊታዩ ይችላሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ጥርጣሬ ባለበት ሁኔታ ሻጩ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን ከሰነዶቹ ጋር ቢያያይዝ ራሱንም አገሩንም ይጠቅማል።

ይህ ነጥብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ ይመለከታል። በየግቢው ቆመው የሚገኙ አሮጌ ላንድሮቨሮችና ሌሎች መኪኖች የሚወገዱት በመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር ሕግ በተደነገገው ሥርዓት ብቻ ነው። ከውጭ አገር ጥሩ ዋጋ ያቀረበ ሰው መገኘቱ የማስወገድ ሥርዓቱን ለማለፍ ምክንያት አይሆንም። የንብረት ክፍል ኃላፊዎች መኪናው «ቁርጥራጭ ብረት» ተብሎ ከመመደቡ በፊት ታሪኩን ቢያጣሩ መልካም ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

ከአገር የሚወጣ ዕቃ ክፍያ በባንክ በኩል መምጣት አለበት። በኢትዮጵያ የወጪ ንግድ አሠራር የሚታወቁት ዋና ዋና የክፍያ መንገዶች የቅድሚያ ክፍያ፣ የባንክ መተማመኛ ሰነድ (ኤል.ሲ.) እና ሰነድን በክፍያ መለዋወጥ (ሲ.ኤ.ዲ.) ናቸው። እያንዳንዳቸው አደጋውን በተለያየ መንገድ ያከፋፍላሉ።

የቅድሚያ ክፍያ ለሻጩ እጅግ አስተማማኙ ነው። ገዢው ሙሉ ዋጋውን በሻጩ ባንክ ሒሳብ ካስገባ በኋላ መኪናው ይንቀሳቀሳል። አደጋው በገዢው ላይ ስለሚወድቅ እውነተኛ ገዢ መኪናውን በገለልተኛ ባለሙያ ለማስመርመር ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ሻጩም ሊፈቅድለት ይገባል። መኪናውን ሳያይና ሳያስመረምር፣ ሳይከራከርም በሙሉ ዋጋ የሚስማማ ሰው ግን ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባዋል።

የባንክ መተማመኛ ሰነድ የገዢው ባንክ «የተባሉት ሰነዶች ከቀረቡልኝ እከፍላለሁ» ብሎ የሚገባው ግዴታ ነው። ይህን አሠራር የሚመራው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2007 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ባንኮች የሚመረምሩት ሰነዱን እንጂ መኪናውን አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ አንድ ዓይነት፣ በመርከብ ሰነዱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ባንኩ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። በሌላ በኩል ለአንድ መኪና ብቻ የባንኮቹን አገልግሎት ክፍያ ማውጣት አዋጭ መሆኑ ቀድሞ ሊሰላ ይገባል።

ሰነድን በክፍያ በመለዋወጥ አሠራር ሻጩ መኪናውን ይጭናል፤ ሰነዶቹ በባንክ በኩል ወደ ገዢው ባንክ ይላካሉ፤ ገዢው ሲከፍል ይሰጡታል። እዚህ ላይ ገዢው ሐሳቡን ቢለውጥ መኪናው በሰው አገር ወደብ ቆሞ የማቆያ ኪራይ ይቆጥርበታል። መልሶ ለማምጣት የሚወጣው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ይህ መንገድ ለማይታወቅ ገዢ አይመከርም።

የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ተሻሽሏል። በመሆኑም ሻጩ በውሉ ላይ ዋጋውን በውጭ ምንዛሪ ካሰፈረ በብር የሚያገኘው መጠን ገንዘቡ በገባበት ቀን እንደሚወሰን ማወቅ አለበት። ስለ ባንክ ፈቃድ፣ ስለሚያስፈልጉት ሰነዶችና አንድ ግለሰብ በምን አግባብ ማስወጣት እንደሚችል ለባንኩና ለጉምሩክ ኮሚሽን ቀድሞ ጥያቄ አቅርቦ በጽሑፍ መልስ መያዝ ይገባል። ይህ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።

ገዢው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ወይም ሻጩ በውጭ አገር ዘመድ ሲኖረው፣ አንድ ፈታኝ ሐሳብ ይቀርባል፤ «ገንዘቡን እዚያው ለወንድምህ ልስጠው» የሚል። መተማመኑ የቤተሰብ ቢሆንም የወጪ ዕቃ ክፍያን ከባንክ ውጭ ማስቀረትም ሆነ በሕገወጥ ሐዋላ ማስገባት በሕግ ያስጠይቃል። በደረሰኝ ላይ ዋጋን አሳንሶ መጻፍም እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ መኪናው በጉዞ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ኢንሹራንሱ ካሳ የሚያሰላው በሰነድ ላይ በሰፈረው ዋጋ በመሆኑ አሳንሶ የጻፈ ሰው ራሱን ይጎዳል።

የተለመዱ የማጭበርበሪያ መንገዶች

በዓለም ዙሪያ በመኪና ሽያጭ የሚፈጸሙ ማጭበርበሮች በጥቂት መንገዶች የሚደጋገሙ ናቸው።

አንደኛው የክፍያ ማረጋገጫ ምስል ነው። የስዊፍት ቅጂ ተብሎ የሚላክ ምስል በኮምፒዩተር በቀላሉ ሊዘጋጅ ይችላል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ የክፍያ ትእዛዝ መሰጠቱን እንጂ ገንዘቡ መድረሱን አያሳይም። ማረጋገጫ የሚሆነው የሻጩ የራሱ ባንክ ገንዘቡ በሒሳቡ መግባቱን ሲገልጽለት ብቻ ነው። ሻጩ ወደ ባንኩ መሄድ ያለበት በገዢው በተላከለት ስልክ ቁጥር ሳይሆን በአካል ወይም አስቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ከዋጋው በላይ የሚላክ ቼክ ነው። ገዢው ከተስማሙበት ዋጋ የሚበልጥ ቼክ ይልክና «ትርፉን ለአጓጓዡ ላክልኝ» ይላል። ቼኩ ለጊዜው የተከፈለ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሐሰተኛ መሆኑ ከሳምንታት በኋላ ሲታወቅ ግን ሻጩ ለ«አጓጓዡ» የላከው የራሱ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። ትርፍ ከፍሎ መልስ የሚጠይቅ ገዢ ሲያጋጥም ንግግሩን ማቆም ይበጃል።

ሦስተኛው የሐሰት አደራ ተቀባይ ድርጅት ነው። ገንዘቡን ይዞ መኪናው ሲደርስ ለሻጩ የሚያስተላልፍ ሦስተኛ ወገን መጠቀም በራሱ የታወቀ አሠራር ነው። አጭበርባሪዎች ግን የታወቀ ድርጅት የሚመስል የኢንተርኔት ገጽ ራሳቸው ከፍተው ሻጩን ወደዚያ ይመሩታል። በገዢው የተጠቆመን አደራ ተቀባይ ያለ ማጣራት መቀበል አይገባም።

አራተኛው የሰነድ ስርቆት ነው። አንዳንዱ ገዢ መኪናውን ፈጽሞ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የሊብሬውንና የመታወቂያውን ጥርት ያለ ምስል ነው። በዚያ ምስል ባለቤት መስሎ ያንኑ መኪና ለሌሎች ይሸጣል። ስለዚህ በድርድር ጊዜ የሚላክ ቅጂ ለማን፣ ለምን ጉዳይና በስንት ቀን እንደተሰጠ በላዩ ላይ ተጽፎበት፣ ከፊል ቁጥሮቹም ተሸፍነው መሆን አለበት።

አምስተኛው ገዢውን የሚጎዳ ቢሆንም ሻጩንም ያስቸግራል። የኢሜይል መልእክት ሰብረው የሚገቡ ሰዎች በሻጩ ስም «የባንክ ሒሳቤ ተቀይሯል» ብለው ይጽፋሉ፤ ገዢውም ገንዘቡን ለሌቦቹ ይልካል። ሁለቱ ወገኖች የሒሳብ ቁጥሩን በድምፅ ተነጋግረው ማመሳከራቸውና ለውጥ በኢሜይል ብቻ እንደማይፈጸም በውሉ ላይ ማስፈራቸው ይህን ይከላከላል።

ውክልናና የባለቤት ኃላፊነት

በአገራችን የመኪና ሽያጭ ላይ ልዩ ትኩረት የሚሻው ውክልና ነው። ስም ለማዛወር የሚወጣውን ወጪና ጊዜ ለማሳጠር ሲባል ሙሉ ውክልና ሰጥቶ ቁልፉን ማስረከብ የተለመደ ነው። ገዢው በውጭ አገር ሲሆን ደግሞ ልማዱ የበለጠ አመቺ መስሎ ይታያል።

ነገር ግን ውክልና ባለቤትነትን አያስተላልፍም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ወኪል የተባለው ሰው መኪናውን ወደ ወደብ በመውሰድ ፈንታ በከተማ ሲነዳው ሰው ቢገጭ፣ የተጎዳው ወገን የሚጠይቀው በሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። ወኪሉ በውክልናው ተጠቅሞ መኪናውን ለሌላ ሰው ሊሸጠውም ይችላል።

ስለዚህ ውክልና መስጠት ግድ ከሆነ ለተወሰነ ተግባር ብቻ መሆን አለበት። መኪናውን የማጓጓዝና የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት የመፈጸም ሥልጣን ይሰጥ፤ የመሸጥና ሦስተኛ ወገን የመወከል ሥልጣን በግልጽ ይከልከል፤ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ተወካዩም የገዢው ሰው ሳይሆን ሻጩ ራሱ የመረጠው ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ (ትራንዚተር) ቢሆን ይመረጣል።

ውሉና የመረካከቢያው ቦታ

የሽያጭ ውሉ ከመኪናው መግለጫና ከዋጋው ባሻገር ኃላፊነቱ ከሻጭ ወደ ገዢ የሚሸጋገርበትን ቦታ መወሰን ይኖርበታል። ለዚህም ዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ያወጣቸው የንግድ ቃላት (ኢንኮተርምስ) ያገለግላሉ፤ የመጨረሻው እትም ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው።

«ኤክስ ወርክስ» በተባለው ስምምነት ገዢው መኪናውን ከሻጩ ግቢ ይረከባል፤ የወጪ ጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱም የገዢው ኃላፊነት ነው። ለሻጩ ቀላል ቢመስልም በአገሩ ለማይኖር ሰው ይህን መፈጸም ስለሚያስቸግር መኪናው በሻጩ ስም እንደተመዘገበ ሊቀር ይችላል። «ኤፍ.ሲ.ኤ.» በተባለው ሻጩ የወጪ ጉምሩኩን ፈጽሞ በተስማሙበት ቦታ፣ ለምሳሌ በሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ለአጓጓዡ ያስረክባል። በኮንቴይነር ለሚጫን መኪና ይህ ተስማሚ ነው። «ሲ.አይ.ኤፍ.» ከሆነ ሻጩ የመርከብ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ጭምር ስለሚከፍል ዋጋው ያንን የሚሸፍን መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የወጣውን የኒውዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ሆኖም ለአንድ አሮጌ መኪና በውጭ አገር መካሰስ ከመኪናው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። የሻጩ እውነተኛ ዋስትና ክስ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን አለማፍረስ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጉዞውና የመድረሻው አገር ሕግ

አንድ የቮልስዋገን ጥንዚዛ ርዝመቱ 4 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በመሆኑ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ከመጫኑ በፊት ነዳጁ መቀነስ፣ ባትሪው መፈታት፣ ከሥሩ ያለው አፈርና ጭቃ መታጠብ፣ ጎማዎቹም በጠንካራ ማሰሪያ መታሰር አለባቸው። ለመደገፊያ የሚውለው እንጨት በዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጤና ደንብ መሠረት ታክሞ ማኅተም ያለበት መሆን ይኖርበታል። በሚጫንበት ዕለት የሻንሲ ቁጥሩን፣ አራቱንም ጎን፣ የውስጡንና የኮንቴይነሩን ማኅተም ቁጥር ፎቶግራፍ ማንሳት በኋላ ለሚነሳ ክርክር ማስረጃ ይሆናል።

መኪናው በጅቡቲ መርከብ ላይ ሲጫን የሚሰጠው የመርከብ ጭነት ሰነድ (ቢል ኦፍ ሌዲንግ) ኦሪጅናሉ በእጁ ያለ ሰው መኪናውን ለመረከብ የሚያስችለው ሰነድ ነው። ብዙውን ጊዜ በሦስት ኦሪጅናል ይዘጋጃል። ክፍያ ሳይጠናቀቅ አንዱንም ኦሪጅናል ለገዢው መላክ መኪናውን በነጻ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

የመድረሻው አገር ሕግ የገዢው ጉዳይ ቢሆንም ሻጩ ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ወደብ ላይ የተከለከለ መኪና የክፍያ ክርክር ያስነሳል። በአውሮፓ ኅብረት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ የመጀመሪያ ይዞታውን የጠበቀና ምርቱ የቆመ መኪና እንደ ታሪካዊ የስብስብ ዕቃ ሲመደብ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ ይሆናል። በጀርመን የሚከፈለው የገቢ ታክስም ከመደበኛው 19 በመቶ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ ወይም ሻንሲው በእጅጉ የተለወጠ መኪና ግን ይህን ዕድል ሊያጣ ይችላል። በአሜሪካ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከፌዴራል የደኅንነት ደረጃዎች፣ 21 ዓመት የሞላውና የመጀመሪያ ይዞታውን የጠበቀ ደግሞ ከጭስ ልቀት ደረጃዎች ነጻ የሚሆንበት ሥርዓት አለ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ በመከልከሏ በአሮጌ መኪኖች ፍሬን ሸራ ውስጥ የሚገኘው አስቤስቶስ ከመላኩ በፊት መወገድ አለበት።

መኪናው ከአገር እንደወጣም ሻጩ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይደለም። ሰሌዳውን መልሶ፣ የጉምሩክ የመውጫ ማስረጃውን አቅርቦ ምዝገባው እንዲሰረዝ መጠየቅና የስረዛውን ደብዳቤ መያዝ ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ መኪናው በመዝገብ ላይ በስሙ እንደተመዘገበ ይቆያል።

ከመሸጥ በፊት ሊታሰብ የሚገባው

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ውሳኔ ማሳለፉ ይታወሳል። በመሆኑም ነባሩን መኪና የሸጠ ሰው ተመሳሳዩን ከውጭ አስገብቶ መተካት እንደማይችል ማወቅ አለበት። የሚያገኘው ገንዘብ በአገር ውስጥ ገበያ ምን እንደሚገዛለት ማስላት የውሳኔው አካል ነው።

ወደ መነሻው ምሳሌ ስንመለስ፣ የእኚያ እናት መልስ አጭር ይሆናል። በመጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫውን ይያዙ፤ ሊብሬውን በስማቸው ያዙሩ፤ ቁጥሮቹን ያመሳክሩ። ቀጥሎ ከባንክና ከጉምሩክ በጽሑፍ መልስ ያግኙ፤ ከዚያም ውሉን ይፈራረሙ። ገዢው ክፍያውን ሲልክ የላከውን ምስል ሳይሆን የባንካቸውን ቃል ይጠብቁ። ገንዘቡ በሒሳባቸው መግባቱ ሲረጋገጥ በተወሰነ ውክልና፣ በመረጡት ትራንዚተር አማካይነት መኪናው ይውጣ። በመጨረሻም ምዝገባውን ያሰርዙ። ለወኪሉ የሚሰጡት መልስ «ገንዘቡ ከገባ በኋላ ይምጡ» የሚል ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ የምዝገባ፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የባንክና የጉምሩክ ሠራተኞችም ባለጉዳዩ ይህን ተራ እንዲጠብቅ ማገዝ ይችላሉ። ሙሉ ውክልና ሊሰጥ የመጣን ሰው ምን እያስተላለፈ እንደሆነ መጠየቅ፣ የተሳሳተ የሻንሲ ቁጥርን በወቅቱ ማረም፣ ለጥያቄ ግልጽ የጽሑፍ መልስ መስጠት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ለባለጉዳዩ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ከመጥፋት ሊያድን ይችላል። እውነተኛ ገዢ በዚህ ጥንቃቄ አይከፋም፤ በጥንቃቄው የሚሸሽ ገዢም ከመጀመሪያው መኪናውን ሊገዛ የመጣ አይደለም።